ለቀማው የቀረበት ዕቅድ

እትዬ ይርጋለምን ያን ቀን ያስተኛቸው ዳቦው ነበር ወይስ ድካም? ሙህዲንን ይህን ያልጠየቀው ሰው የለም። ሚስቱ ሰቢሪና ጠይቃዋለች፣ የቢሮው ሰዎች ጠይቀውታል፣ አንዳንዴ መሪ ጨብጦ ብቻውን ሲሄድ ራሱን ይጠይቃል። አጠገባቸው የነበረው እሱ ነው፤ መልስ ሊኖረው የሚገባም እሱ ነበር። ግን የለውም።

ሙህዲን የትምህርት ቢሮ ሾፌር ነው። ጠዋት እትዬ ይርጋለምን ጎባ ከቤታቸው ተቀብሎ ሮቤ ያደርሳቸዋል፣ ሲመሽ ይመልሳቸዋል። ጭጋግ መንገዱን በሸፈነበት ቀን እንኳ አንድም ጊዜ ቀስ በል ብለውት አያውቁም። ዓይናቸው ሁልጊዜ ከመስኮቱ ውጭ፣ በማሳው ላይ ነው። በዞኑ የተማሪዎች ምገባ ዕቅድ አውጪ ናቸው፤ ስንዴው ሲያሸት ደስ ይላቸዋል፣ በረዶ ሲጥል ፊታቸው ይጠቁራል።

አባታቸው ከመንዝ መጥተው ጎባ የቀሩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሳቸው መምህርት ሆነው መጀመሪያ የተመደቡት ከደሎ መና ወዲያ፣ በቆላው ነው። በድርቅ ጊዜ አንዲት ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆማ ቁጥር ስትደምር ወደቀች። የታመመች መስሏቸው ውሃ ሲረጩባት ታናሽ እህቷ ከኋላ ወንበር ተነስታ፣ "አላመማትም፤ ዛሬ ተራዋ አይደለም" አለች። በልጅቷ ቤት ልጆቹ የሚበሉት በተራ ነበር። ያን ቀን ተራው የታናሽየዋ ነው።

ይህን ለሙህዲን የነገሩት አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሥራ ሁሉ ትተው ምገባ ላይ መቅረታቸው አልገረመውም፤ ባል አለማግባታቸውም፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እንቢ ማለቱም።

የአምስት ዓመቱ ዕቅድ የእሳቸው ሥራ ነበር። ቀድሞ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስንዴውን ለብቻው ይገዛል፤ እናቶች በየሳምንቱ ተሰብስበው ሸራ ላይ ዘርግተው ይለቅማሉ፤ ከዚያ ይፈጫል፣ ዳቦ ይጋገራል። በአጨዳ ጊዜ ግን እናቶች አይመጡም። ለቅሶ ሲኖር አይመጡም፤ ሰው ሁሉ ለዓመታዊው ዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን ሲወርድም አይመጡም። እናቶች ያልመጡ ሳምንት ልጆች ጦማቸውን ይውላሉ። በአዲሱ ዕቅድ ስንዴው ከገሰራና ከአካባቢው ተሰብስቦ ሮቤ አንድ መጋዘን ይገባል፤ ማሽን ያበጥረዋል፣ እዚያው ተፈጭቶ ዱቄቱ ለሁሉም ይሄዳል። ለቀማ ቀረ።

ዕቅዱ ጎባ አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ የተቃወመ አልነበረም። የለቃሚ እናቶች ሰብሳቢ ሶረቲ ከሁሉ ቀድማ ተነሳች።

"እኔ ከመልቀሜ ብዛት ሰው ሳይ ራሱ ጠጠር የምፈልግበት ሆኛለሁ" አለች። "ረቢ ይስጥልን፤ ወገባችን ያርፋል።"

"ባልሽንስ ለቅመሽ ነው ያገባሽው?" አላት አንድ ርዕሰ መምህር።

"እሱማ በማሽን የመጣ ነው። ለዚህ አይደል እንዲህ የሆነው?"

አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እናቶቹ እትዬ ይርጋለምን መረቋቸው። የቢሮው ኃላፊ አቶ ለሜሳ እጃቸውን ጨበጣቸው።

ሲመለሱ እትዬ ይርጋለም መኪና ውስጥ ማሳውን ትተው እጃቸውን ያያሉ።

"ምነው፣ ደስ አላለዎትም እንዴ?" አለ ሙህዲን።

"ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ደስ ሲለው ይከፋኛል።"

ስንዴው ጥር ላይ ገባ። ዘንድሮ ኮምባይነሩ ከማሳ ማሳ ሲዞር ዝናብ አሯሩጦት ነበርና ባለማሳዎቹ ሁሉ ያገኙትን ሳያጠሩ ይዘው መጡ። ማሽኑ አበጠረው፣ ወፍጮው ፈጨው። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሊከፈት ሲል ዱቄቱ በጆንያ ተደርድሮ ተዘጋጀ፤ የጭነት መኪኖችም ተከራዩ።

በዋዜማው እትዬ ይርጋለምና ሙህዲን መጋዘኑ በር ላይ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። የባለጋሪው የቱፋ ፈረስ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። አንገቱ ተንጠልጥሏል፤ አንድ እርምጃ ይራመድና የፊት ጉልበቱ ይከዳዋል።

"ቱፋ፣ ከፈረስህ ጋር ጠላ ቤት መሄድ ጀመርክ?" አለው አንድ ጫኝ።

"እኔን ትቶ ብቻውን ሄዶ ነው" አለ ቱፋ። እሱም ሳቀ፤ ግን እጁ የፈረሱን ጆሮ እየዳበሰ ነው።

እትዬ ይርጋለም አልሳቁም። "ምን በላ?" አሉት።

"ምንም። የወፍጮ ቤቱን ጥራጊ ሰጡኝ፣ ትናንትና ዛሬ እሱን ነው።"

ወደ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ሄደው ከጥራጊው ዘገኑ። ከመዳፋቸው ላይ አንድ ፍሬ በጥፍራቸው ለዩ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ቀጠን ያለ፣ ጠቆር ያለ ነው። ሙህዲን ጠጋ ብሎ አየው፤ ለእሱ ስንዴ ነው።

"እንክርዳድ" አሉ ቀስ ብለው። "የበላውን ያሰክራል፣ ያስተኛል። ከስንዴው እኩያ ነው፤ ወንፊት አይዘው። የሚይዘው ጣት ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ለቀማውን የሰረዝኩት፤ ትንሽ ይሆናል ብዬ።"

አቶ ለሜሳ ተጠርቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገ ግን ከላይ እንግዶች ይመጡበታል።

"እንክርዳድ የሌለበት ስንዴ በባሌ የት አለ?" አለ። "ሁላችንም በልተን አድገናል።"

"ተለቅሞ ነው የበላነው።"

"ፈረስ ደግሞ ጥራጊ ሲበላ ሆዱ ይነፋል። በአንድ ፈረስ ነው የአምስት ዓመት ዕቅድ የምናቆመው? ናሙና እንላክ ካሉ ይላክ፤ መልሱ እስኪመጣ ግን ልጆቹ ምን ይብሉ?"

እትዬ ይርጋለም የአንዱን ጆንያ አፍ ፈትተው ዱቄቱን በጣታቸው አሹት። ዱቄት ሆኗል፤ አይለቀም፣ አይታይ። ብዙ ከሆነ በየትምህርት ቤቱ ልጅ ይወድቃል። ትንሽ ከሆነና ካስቆሙት ደግሞ ያው ልጅ በረሃብ ይወድቃል። ከመጋዘኑ ትንሽ ዱቄት በፌስታል ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሙህዲን ሲቀበላቸው ዓይናቸው ደም መስሏል። በእጃቸው ከዚያው ዱቄት የጋገሩት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አለ፤ ይሞቃል።

"ዛሬም አልተኙም፣ እትዬ?"

"ዕቅዱ ካለቀ ወዲህ መቼ ተኛሁ ብለህ ነው?"

መጋዘኑ ሲደርሱ ቱፋ በር ላይ ቆሟል። ጋሪም ፈረስም አልያዘም። አለንጋውን ብቻ ይዟል።

"ተኝቷል" አለ። "ስጠራው ጆሮውን እንኳ አያነሳም።"

እትዬ ይርጋለም የዘበኛውን ወንበር ግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ ላይ አስወጥተው ተቀመጡ፤ ጨርቁን ፈትተው ዳቦውን ቆረሱ። አቶ ለሜሳ ከመኪኖቹ መሐል እየሮጠ መጣ።

"ምን እያደረጉ ነው? ይሄ እኮ የጠጅ አሳላፊ ሥራ ነው።"

"አሳላፊ መዳፉ ላይ አፍስሶ ሳይቀምስ ለሰው ይሰጣል?" አሉት። "እኔም ላሳልፍ ነው።"

"ቢያምዎትስ?"

"እንግዲያው ጥያቄህ ተመለሰልህ።"

አንድ ልጅ በቀን ከሚደርሰው በላይ በሉ። በደንብ እያኘኩ፣ ዓይናቸውን ከጆንያዎቹ ሳይነቅሉ። ሙህዲን እኔም ልቁረስ ብሎ እጁን ሲዘረጋ መዳፉን መቱት፤ እንደ ልጅ። "አንተ ትነዳለህ" አሉት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጫኞቹ ጭነው ጨረሱ። ከተራራው በኩል ጭጋግ ወረደ፤ ፀሐይዋ ገርጥታ ግድግዳው ላይ ቀረች። ቁራዎች ጥራጊው ላይ ወርደው ይለቅሙ ነበር። ሙህዲን ቁራዎቹን ያያቸዋል፤ የሚወድቅ ይኖር እንደሆነ። አንድም አልወደቀም። ይህም አላረጋጋውም።

ከቀትር በኋላ እትዬ ይርጋለም መናገር ጀመሩ። ንግግራቸው ዘገየ። የዚያችን የቆላ ልጅ ስም አነሱ፣ ሀይሚ ትባል እንደነበር። ከዚያ ግንባራቸውን ያዙ።

"ያዞርዎታል?"

"መሬቱ ትንሽ ይሄዳል።" ቀና አሉ። "ሙህዲን፣ ብተኛ አትቀስቅሰኝ። በሩን ዝጋ። መኪና አይውጣ።"

"እርስዎ እኮ ስንት ሌሊት አልተኙም። ቢተኙስ፣ የዳቦው ይሁን የድካሙ በምን አውቃለሁ?"

"አታውቅም" አሉት። "እኔም አላውቅ። ስለማናውቅ ዝጋ። አደራ።"

ጥቂት ቆይቶ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ። የመጀመሪያው መኪና ሞተሩን አስነሳ።

"ደክሟቸው ነው" አለ አቶ ለሜሳ፤ ድምፁ ግን ጥያቄ ነበር። ወደ ሙህዲን አየ። "አይደል? ደክሟቸው ነው በለኝ።"

ሙህዲን ወላሂ ብሎ ሊምል የሚችልበት ነገር አልነበረውም። ወደ በሩ ሄደ። ብረቱን ገፋ፣ ሰንሰለቱን አዞረ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። የጭነት መኪናው ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። አቶ ለሜሳ ለሾፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ስልኩንም አውጥቶ ለእንግዶቹ የሚነግረውን እያሰበ ወደ ጥግ ሄደ።

ሙህዲን ዞር ሲል የእትዬ ይርጋለም አንድ ዓይን የተከፈተ መሰለው፤ ሰንሰለቱን እያየ። መሰለው ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ አይምልበትም። ደርሶ ሲያጎነብስ ዓይናቸው ተከድኗል፤ ትንፋሻቸው ረጅምና ከባድ ነው። ስማቸውን ጠራ፤ አልሰሙም። ነጠላውን አለበሳቸው። የመኪና ቁልፉን በጣቱ እየነካካ፣ ቀስ ብሎ የሚነሳው ደረታቸው እንዳያቆም እያየ፣ ወደ ሮቤ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ በሐሳቡ እየነዳ ቆመ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።