ከመጋረጃው ሥር የታየው ጫማ

ዛሬ የእድራችንን ሊቀመንበር ልንመርጥ በስደት በምንኖርባት ታከር ከተማ ባለው አዳራሽ ተሰብስበናል። የመጋረጃው አቧራ ሸተተኝና ልጅነቴ መጣብኝ።

ያኔ አባቴ እንዳይመርጡት ከዚሁ መጋረጃ ጀርባ ተደበቀ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሊቀመንበሩ ነውና። ጡረተኛው የታሪክ መምህር ጋሼ ታምሩ ግን ጫማውን ከሥር አዩት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ደብል ሺፍት ነው የምሠራው» አለ አባቴ፣ እየተጎተተ ሲወጣ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «የሮም ወታደሮችም አንዱን እንዲህ እግሩን አይተው ከመጋረጃ ጀርባ አወጡት። ሊገድሉኝ ነው ብሎ ሲንቀጠቀጥ ቄሳር አደረጉት።»

«ከዚያስ መቼ ለቀቁት?»

«ቄሳር አይለቀቅም፣ ልጄ።»

አባቴ እስኪሞት ሊቀመንበር ነበር። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቤታችን ጸጥ ይል ነበር።

አሁን አስመራጩ ስሜን ጠሩ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ዓይኔ ወደ መጋረጃው ሮጠ። ከአባቴ በኋላ እስከ ጉልበት አሳጥረውታል።