አማት የለኝም

ሰውዬው በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ማዓላ ሰፈር ያለው የጥርስ ክሊኒክ ሲመጣ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር በቀር አይቀመጥም። ሽማጉን፣ የአንገት ሻሹን፣ እስከ አፍንጫው ይጠመጥማል። ውሃ የሚጠጣው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው፤ ግማሹ በአፍንጫው ይመለሳል። ላንቃውን ከነላይኛው መንጋጋው ዕጢ ወስዶበታል።

ንግግሩን የምትለየው ሰው ሠራሽ ላንቃ የምትሠራለት ለተ ማርያም ብቻ ናት። "በ" ሲል "መ" ይሆንበታል።

"ደሴ ያለችው ልጄ ጋ ደወልኩ፣ እህቴ" ብሏት ነበር ባለፈው ወር። "'አባትሽ ነኝ' ብላት 'አማትሽ ነኝ' ሆኖ ተሰማት። 'እኔ አማት የለኝም' ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።"

እየሳቀ ነበር የነገራት። ከዚያ ወዲህ ግን አልደወለም።

ዛሬ ላንቃውን ገጠመችለት። ሁለት ጊዜ ሞርዳ አስተካክላዋለች። አሁንም ካፈሰሰ ሰውዬው ተመልሶ እንደማይመጣ ታውቃለች።

"ያላ፣ ይጠጡ" አለችው ብርጭቆውን እያቀበለች።

"ቢስሚላህ።"

"ቢ"ዋ ጥርት ብላ ወጣች። ዋጠ። ከአፍንጫው ጠብ ያለ ነገር የለም።

ሽማጉን እንኳ ሳይመልስ ስልኩን አወጣና ስፒከር ላይ አደረገው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

"ማን ልበል?" አለች ልጅቱ።

"አባትሽ ነኝ።"

ልጅቱ እስክትመልስ ለተ ማርያም ሳይታወቃት ሞረዷን አነሳች፤ ከላንቃው ሳይሞረድ የቀረ ነገር ያለ መሰላት።

"አልሰማሁም" አለች ልጅቱ፣ እያለቀሰች። "ድገመው።"