ኳድራቲክ ያልሆነው ጠብ

ልጅ እያለሁ ከሒሳብ አብልጬ የምፈራው የደሴን ብርድ ብቻ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የጠዋቱ ጭጋግ በተሰበረው መስኮት እየገባ ከጠመኔው ብናኝ ጋር ይቀላቀላል፤ እኛም እጃችንን ብብታችን ውስጥ ወሽቀን እንማራለን። አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን x² + 3x = x² + 6 ብለው ጻፉና «ኳድራቲክ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ኳድራቲክ የሚያሰኛትን ስኩዌር ሁለት ቦታ እያየሁ ምን ልጠራጠር! «ነው!» አልኩ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉና ጠመኔውን ሰጡኝ። የቀኙን ስኩዌር ወደ ግራ አሻገርኩ። ሁለቱ ስኩዌሮች ተጠፋፉ፤ 3x = 6 ብቻ ቀረ። ያ ሁሉ የሚያስፈራ ነገር ታናሽ እህቴ የምትሠራው ሒሳብ ሆኖ ቁጭ አለ።

በዚያው ሰሞን አባቴና ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሙ፣ አጎቴ ሁሴን፣ ተኳርፈው ነበር። ጠቡ አያቴ የት ትኑር ነው፤ አባቴ የቧንቧ ውሃ ያለው እኛ ቤት ነው ይላል፣ አጎቴ የኮምቦልቻ ሙቀት ይስማማታል ይላል። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። የአጎቴ ልጅ ከድጃ የልቤ ጓደኛ ናት፤ አባቶቻችን ካልታረቁ ለኢድ እንኳ አንገናኝም።

የሰፈራችን ሽማግሌ ሸህ ሰይድ ሁለቱን ቤታችን አስቀመጧቸው። ዱአ አደረጉ፤ ከዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ አዘው የሆዳቸውን ሁሉ አናገሯቸው። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። አባቴ «ሸሃችን፣ ይስሙኝ፣ እናቴን ከነፍሴ አብልጬ ነው የምወዳት» አለ። አጎቴም ያንኑ ደገመ፤ ወላሂ ብሎ።

«በሉ፣ እሱ ሁለታችሁም ጋ አለ፤ ከመሃል አውጡት» አሉ ሸህ ሰይድ። «አሁን ምን ቀረ?»

በመጨረሻ አጎቴ አንገቱን ደፍቶ «ከድጃ ታማ እዚሁ ደሴ ሆስፒታል ስትተኛ አልጠየቀኝም» አለ። «ሳልነግረው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት።»

«ወላሂ አልሰማሁም፣ ወንድሜ!» አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም የከድጃን መታመም የሰማሁት ገና ያኔ ነበር፤ እያለቀስኩ በሆዴ «ኳድራቲክ አይደለም» አልኩ። ለኢድ ከድጃ መጣች፤ ከስታለች፣ ሳቋ ግን ያው ነበር።

ትናንት ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ እንዲህ ያለውን የሒሳብ ጥያቄ በስልኳ ፎቶ አንስታ መልሱን ወዲያው አገኘች። ጎበዝ ነው ስልኩ። እኔና ወንድሜ ግን እናታችን ማን ጋ ትኑር ብለን በቴሌግራም ስንነታረክ ከረምን፤ ሁለታችንም በየመልእክቱ «እወዳታለሁ» እንላለን። ሸህ ሰይድ ደግሞ ካለፉ ቆዩ። ናፈቁኝ።

ኮምቦልቻ ለሚኖረው ወንድሜ ደወልኩለት። «እንደምንወዳትማ ሁለታችንም እንወዳታለን፤ እሱን ከመሃል እናውጣው» አልኩት። «ምን ቀረ?»

ወንድሜ «አንድ ነገር አለ» ብሎ ጀመረ። እኔም ሳላቋርጠው አዳመጥኩ።