ካውያው የታሰረበት መርከብ

ከመቀሌ በወጣሁበት ዋዜማ ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት እኔ ራሴ ነኝ። ልጄ ትርሓስ ከጀርመን ደውላ «ኣቦይ፣ ከሃያ ሦስት ኪሎ እንዳይበልጥ» ብላኝ ስለነበር ጎረቤቶቻችን ሚዛን ተውሰው መጥተው ሲያወጡ ሲያስገቡ ሊያመሹ ፈለጉ። ሚዛኑን ወደመጣበት መለስኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሮማናት አካባቢ የሰው ልብስ ሳጥብና ስተኩስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ካፖርት ደረቁን ስንት እንደሚመዝን፣ እርጥቡን ስንት እንደሚመዝን እጄ ያውቀዋል። በማግስቱ ጠዋት ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ልክ ሃያ ሦስት ኪሎ ሆነ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። በአጋጣሚ ነው አላልኳትም።

ባለቤቴ ለታይ ግን አልተደነቀችም። እስከ መግቢያው በር ሸኝታኝ፣ ክራባቴን አስተካክላ፣ «ሦስት ወር ብለሃል፤ ሦስት ወር ነው» አለችኝ። አብራኝ እንድትመጣ ትርሓስ ስንት ጊዜ ለምናት እምቢ ብላለች። ምክንያቷ «ዶሮዎቼን ለማን ሰጥቼ?» የሚል ነው። ዶሮዎቹ አራት ናቸው። እውነተኛው ምክንያት አውሮፕላን መፍራቷ መሆኑን እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው፤ አሁን እናንተም አወቃችሁ፤ እንዳትነግሩብኝ።

ይህን በአማርኛ መጻፌ የሚገርመው ሰው አይጠፋም። እኔ በትግርኛ አፌን የፈታሁ፣ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። አማርኛን የተማርኩት የታጠበ ልብስ ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ነው። ሳላነበው የጠቀለልኩበት ጋዜጣ የለም፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ርዕሰ አንቀጽ የጨረስኩበት ቀን ብዙ ነው። የቀረውን ያስተማሩኝ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ፣ የዩኒቨርሲቲው የዓዲ ሓቂ ግቢ መምህራን ናቸው። ለምረቃ ቀን ጋዋን ሊያስተኩሱ ይመጡና እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ያወሩኛል። አንዱ የቋንቋ መምህር «አያ ሓጎስ፣ እርስዎ ከተማሪዎቼ ይሻላሉ» ብሎኛል። ተማሪዎቹን አላውቃቸውም፤ ግን አምኜዋለሁ።

ሃምቡርግ እንደደረስኩ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሰማዩ ልብስ ለማድረቅ እንደማይሆን ነው። መቀሌ ላይ ጠዋት ያሰጣሁት አንሶላ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ደርቆ ይጠብቀኛል። እዚህ ግን ሰማዩ ራሱ ተነክሮ ያልተጨመቀ ብርድ ልብስ ይመስላል። ዳቦው ጥሩ ነው፣ ጥርስ ላለው። ሰላምታው አጭር ነው፤ «ሀሎ» ይሉሃል፣ አለቀ። እኛ ዘንድ «ከመይ ሓዲርካ» ብሎ የጀመረ ሰው ሚስትህን፣ ልጆችህን፣ ጉልበትህን ጠይቆ እስኪጨርስ ታክሲው ጥሎት ይሄዳል። ትርሓስ ነርስ ናት፤ ስትሠራ ውላ ስትሠራ ታድራለች። አላገባችም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ሻይ ትቀዳልኛለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን አጥቤ በረንዳው ላይ አሰጣሁ። ብዙም ሳይቆይ የትርሓስ አከራይ፣ ፊቱ ቀይ የሆነ ረጅም ሰውዬ፣ በሩን አንኳኳ። እሑድ የዕረፍት ቀን እንደሆነ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደማይነሳ አስረዳን። ማሽን አላስነሳሁም፣ በእጄ ነው ያጠብኩት በይው አልኳት ትርሓስን። ሰውዬው ጥቂት አሰበና መለሰ።

«በእጅም ቢሆን ሥራ ነው ይላል» አለችኝ።

«ታዲያ እሱ በእሑድ ቀን ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ የሰው በር መደብደቡ ዕረፍት ነው ወይ በይው።»

ፈገግ ብላ የሆነ ነገር ነገረችው። ሰውዬው እጄን ጨብጦ አመስግኖኝ ወረደ። ትርሓስ ምን አለ ብላው እንዳመሰገነኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሦስቱ ወር ሊያልቅ ሲቃረብ ትርሓስ ወረቀት ይዛ መጣች። እዚሁ ለመኖር የሚቀርብ ማመልከቻ ነው፤ ሁሉም ተሞልቶ የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነበር። እኔ ከቀረሁ እናቷም ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ትመጣለች ብላ ታምናለች። ለምን አጥብቃ እንደፈለገችው አውቃለሁ። በጦርነቱ ስልክ በተቋረጠባቸው ወራት እኛ እዚያ ያለነው ቢያንስ እርስ በርሳችን እንተያይ ነበር። እሷ እንኑር እንሙት ሳታውቅ ነው የከረመችው። ያን ቀን አልፈረምኩም። እሷም አልገፋችኝም፤ መጀመሪያ እንረፍ ብላ በትልቅ መርከብ ወደ ኖርዌይ የሚወስድ የአንድ ሳምንት ጉዞ አዘጋጀች። «ክሩዝ» ይሉታል። ወረቀቱም በቦርሳዋ ሆኖ አብሮን ተሳፈረ፤ ከመርከቡ ስንወርድ ወይ ተፈርሞ ይገባል፣ ወይ እኔ ሻንጣዬን አስራለሁ።

መርከቡ መቀሌ ካሉት ሆቴሎች ሁሉ ይረዝማል። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፈራህ ወይ አትበሉኝ፤ የመጀመሪያውን ቀን አልጋዬ ላይ የዋልኩት ሊያሳርፉኝ ስላመጡኝ ነው። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ያን ሁሉ የሥጋና የቅቤ ተራራ በዓይኔ ብቻ እየተሻገርኩ ድንች ስበላ ሰነበትኩ። አስተናጋጁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ በየቀኑ ድንቹን ያበዛልኛል።

በሦስተኛው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ አለቀብኝ። ክፍላችን ውስጥ የወረቀት ከረጢት አለ፤ የቆሸሸውን ከተህበት፣ ዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርገህ፣ ለጽዳት ሠራተኛው ትሰጠዋለህ። ትርሓስ ዝርዝሩን አነበበችልኝ። ሸሚዝ አለ፣ ሱሪ አለ፣ ፒጃማ አለ። ነጠላ የለም። ነጠላ የማያውቅ አጣቢ ልብሴን አይነካም አልኳት። የውስጥ ሱሪዬን ለማላውቀው ሰው ማስረከቡንማ አታንሱት። እጅ መታጠቢያው ውስጥ አጥቤ በረንዳችን አጥር ላይ አሰጣሁት። ከቁርስ ስንመለስ ልብሴ እርጥቡን ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከላዩ ካርድ አለበት። «ፈርቦተን» ይላል። ይህችን ቃል ያለ አስተማሪ ነው የተማርኳት፤ ክልክል ማለት ናት፤ ጀርመን አገር ካለሷ መንገድ አትሻገርም። አስተጣጠፉም ደካማ ነበር።

ከምሳ በኋላ ትርሓስ ጋደም ስትል እርጥብ ልብሴን ይዤ መርከቡን ስዞር፣ በሩ ላይ የማሽን ሥዕል ያለበት ክፍል አገኘሁ። የክፍላችንን ካርድ ሳስጠጋው ተከፈተ። መንገደኛው ራሱ የሚያጥብበት ቦታ ነው፤ ሦስት ማጠቢያ፣ ሁለት ማድረቂያ፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛና አንድ ካውያ። ካውያው በሰንሰለት ከግድግዳው ጋር ታስሯል። በዕድሜዬ ብዙ የታሰረ አይቻለሁ፤ የታሰረ ካውያ ግን አይቼ አላውቅም። ምን አጥፍቶ ይሆን ብዬ ጥቂት ቆምኩ።

ሦስቱም ማጠቢያዎች ሥራቸውን ጨርሰው መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል። ልብሱ ውስጣቸው ነው፤ ሰው የለም። በግድግዳው ክብ መስኮት ወደ ውጭ ስመለከት ዝናብ ጀመረ።

እኛ ግቢ አምስት ቤተሰብ በአንድ የልብስ ገመድ ነው የምንጠቀመው። ዝናብ ሲመጣ እቤት የተገኘ ሰው የሁሉንም ልብስ ከገመዱ ያወርዳል፤ የእኔ ነው የእነሱ ነው አይባልም። አጥፎ በየበሩ ያደርሳል። ዝናብ ሲዘንብ የራሱን ብቻ ያስገባ ሰው ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሲነሳ ይኖራል። ስለዚህ መርከቡ ላይ ያ ዝናብ ሲጀምር እጄ እኔን ሳያማክር ተነሳ። ልብሱ ጣሪያ ሥር እንደነበር አውቃለሁ፤ እጄ ግን አላወቀም።

ሦስቱንም ማሽን አራገፍኩ። ማድረቂያ ውስጥ ከትቼ፣ ሲደርቅ አውጥቼ፣ ሸሚዝ ሸሚዙን ሰንሰለቱ እስከፈቀደልኝ ድረስ ተኮስኩ። የጡት መያዣውንም፣ ካልሲውንም፣ ሁሉንም በየወገኑ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ክምር አደረግሁ። ከአንዱ ማሽን የወጣው ከሌላው ጋር አልተቀላቀለም፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ካልሲ አልጠፋብኝም። ክምሮቹ ሲያምሩ ብታዩ። እዚያው ቆሜ እያየኋቸው ሳለ አንዲት ሸበቶ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴትዮ ገባች። መጀመሪያ ባዶውን ማሽን አየች፣ ቀጥሎ ክምሩን፣ ቀጥሎ እኔን። እኔም በማውቀው ጀርመንኛ «ፈርቲግ» አልኳት፤ አልቋል ማለት ነው። ወጥታ ሄደች። ልትከፍለኝ ቦርሳዋን ልታመጣ መስሎኝ፣ አልቀበልም የምልበትን እየተዘጋጀሁ ጠበቅኋት።

የመጣችው ከመርከቡ መኮንን ጋር ነው። ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ትርሓስንም ከእንቅልፏ ቀስቅሰው አመጧት፤ ትራሱ ጉንጯ ላይ መስመር አውጥቷል።

«የወይዘሮዋን ልብስ ከማሽን ያወጣው ማን ነው ይላል።»

«እኔ።»

«ማን ፈቀደልዎት ይላል።»

«ዝናቡ።»

ትርሓስ ዓይኗን ጨፈነች። «ኣቦይ፣ እባክህ።»

ማሽኑ ጨርሶ እንደነበር፣ ልብሱ ተጨማዶ እንዳይቀር ብዬ እንደሆነ ንገሪው አልኳት። የሱም ኮሌታ በግራ በኩል በሙቅ ካውያ ተመትቶ ብጫ ሆኗል፤ ሰንሰለቱን ቢፈታልኝ አድንለታለሁ ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ትርሓስ መተርጎሙን እንጃላት፤ መኮንኑ ግን ኮሌታውን ዳበስ አደረገ።

ይኼኔ ሴትዮዋ ከክምሩ ግራጫ የሱፍ ሹራብ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እምብርቷ ጋ አልደረሰም። ለአምስት ዓመት ልጅ ልክ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ የማድረቂያ ማሽን ነክቼ አላውቅም። መቀሌ ላይ ማድረቂያዬ ፀሐይ ናት፤ ፀሐይ ደግሞ ሱፍ አታሳጥርም። ቁልፎቹን ያነበብኳቸው መስሎኝ ነበር፤ የገመትኳቸው ኖሯል። ማሽናችሁ ነው ያበላሸው ብዬ ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ትርሓስን ሳያት ዘጋሁት።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት በያት» አልኩ። ይህን ለደንበኛ ተናግሬ አላውቅም፤ ተናግረህ ታውቃለህ የሚል ካለ ይምጣ።

ሴትዮዋ አጭር ነገር መለሰች። ትርሓስ ቀስ ብላ «በእጇ የሠራችው ነው፤ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶባታል» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። የእጅ ሥራ ማበላሸት ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርዴ ያንን በር እንዳይከፍት ተደረገ፤ ካውያውን በሰንሰለት፣ እኔን በካርድ አሰሩን። ሴትዮዋም ጉዞው እስኪያልቅ ከመርከቡ ሱቅ የገዛችውን ቀይ ጃኬት ለብሳ ቁርስ ላይ ታየኛለች። ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ እነሳታለሁ። አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ፈገግ ግን አትልም። ቁጭ ብዬ ድንቼን እበላለሁ።

ያን ዕለት ክፍላችን እንደገባን ትርሓስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«እዚህ አገር የሰው ልብስ አይነካም፣ ኣቦይ።»

«ታዲያ ሰው ከሰው በምን ይተዋወቃል?»

ለቀልድ ነበር ያልኩት። አልሳቀችም።

«አይተዋወቅም» አለች። «ስልክ የጠፋ ጊዜ ከሥራ ስመለስ የማይታጠብ ልብስ አጥብ ነበር። ንጹሑን። ማሽኑ ሲዞር ቤቱ ውስጥ ድምፅ ስለሚኖር። ፊት ለፊቱ ወንበር አድርጌ እቀመጥ ነበር።»

ወረቀቱን አምጪው አልኳት። ፊርማዬን ደግሞ ማንም አላስተማረኝም፤ ከሓ ጀምሬ ሳላቋርጥ እስከ ስ የምጎትታት ናት፤ ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ሁልጊዜ ታደንቃታለች። ፈረምኩ። ትርሓስ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ስለ ሹራቡ አስታውሳ እስኪደክማት ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት፣ መርከቡ በሁለት ተራራ መካከል ቆሞ ሳለ፣ ለታይ ጋ ደወልኩ። ትርሓስ ቁርስ ላይ ነበረች። ለለታይ ስለ ተራራው ነገርኳት፣ ከላይ ስለሚወርደው ውሃ ነገርኳት። ስለ ሹራቡ አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ቀድማ ሰምታለች።

«የማታውቀውን ቁልፍ ማን ንካ አለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋን ስትጨርስ ድምፅዋ ተለወጠ። «የልብስ ማጠቢያ ሱቅህ አከራይ ትናንት መጥቶ ነበር። ሓጎስ የማይመለስ ከሆነ ለሌላ ሰው ልስጠው ይላል። ቁልፉን ልስጠው ወይ?»

በሩን አየሁ፤ ዝግ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እንዳትሰጪው» አልኳት።

«ትመጣለህ ማለት ነው?»

«እንዳትሰጪው አልኩሽ እኮ።»

«ትርሓስ ማታ ደውላልኝ ነበር። ፈረመልኝ ብላ ከደስታዋ ብዛት መናገር አቅቷት ነበር። ሓጎስ፣ ከሁለታችን የዋሸኸው ማንን ነው?»

ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ድምፅዋ ከግድግዳው ወዲያ ያለች ያህል ጥርት ብሎ ይመጣል፤ በበራችን የሚያልፍ ባጃጅ እንኳ ተሰማኝ፤ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር ለየሁት።

«ሀሎ? ለታይ?» አልኩ። «አይሰማኝም። መስመሩ ጥሩ አይደለም።»

«እኔ ይሰማኛል» አለች።

ስልኩን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም።