የሸክላው ወታደር ጥላ

ተማሪዎቼ የሸክላ ምስል ሲቀቡ የዘይት ቀለሙ ሽታ በደርግ ዘመን ሐዋሳ ወደነበረው ቤታችን መለሰኝ።

አባቴ ታስሮ ነበር። እናቴ ለቀበሌው አዳራሽ ጣት የሚያህሉ የሸክላ ወታደሮች ትቀባለች። መጀመሪያ ከቆቡና ከጉንጩ ሥር ለጥላው ጥቁር፣ በመጨረሻ ብርሃን የሚያርፍበት ላይ ነጭ። ነጩ ሳይደርስ የቀበሌው ካድሬ ገባ።

«ጓዲት፣ የአብዮት ወታደር ፊቱ ለምን ጠቆረ? አዝኗል?»

እናቴ የወታደሩን ግንባርና አፍንጫ በነጭ ነካ ነካ አደረገች።

«ጓድ፣ ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ ነው።»

ካድሬው መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጠው። «አሁን ገና ነቃ!» ብሎ ወጣ።

«ነጭ ጨመርኩ እንጂ ጥላውን አልነካሁም» አለችኝ እናቴ፤ ያኔ አልገባኝም።

«ቲቸር፣ ጥቁሩ ያዘነ አስመሰለው፤ ላጥፋው?» አለችኝ አሁን ከተማሪዎቼ አንዷ።

«ተይው» አልኳት።