ዕዳ ይዤ ሽማግሌ አልልክም

ጄኔቭ ውስጥ እንደ ብቸኝነት በነፃ የሚገኝ ነገር አላየሁም። ሌላው ሁሉ ዋጋ አለው። ግራንድ ሳኮኔ የሚባል ሰፈር የተከራየኋት አንዲት ክፍል መስኮቷ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አውሮፕላን ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁለት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዱ የምጠጣበት ነው። ሌላውን የማጥበው አቧራ ስለሚይዝ ብቻ ነበር። የመኪና ትርዒት በሚኖርበት ሰሞን ሰፈሩ በእንግዳ ይሞላል፣ አውቶቡስ ውስጥ መቆሚያ ይጠፋል፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች አዳራሹ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቁኛል። በደስታ ነበር የማሳያቸው። አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ያንኑ ብቻ ነው።

ለምን እዚያ እንደተቀመጥኩ ለማስረዳት ከአሜሪካ መጀመር አለብኝ። ዲቪ ደርሶኝ ሄድኩ፣ ዓመታት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራሁ፣ ዜግነት ወሰድኩ፣ ከዚያ እንደ አገሬው ሰው ከመንግሥት ተበድሬ ሁለተኛ ዲግሪዬን ተማርኩ። ስመረቅ ዕዳዬ አዲስ አበባ ላይ ደህና ቤት ይገዛ ነበር። አሜሪካኖቹ ያን ሰሞን አንድ ሕግ አወጡ። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት እየሠራ፣ በየወሩ እንደ ገቢው መጠን አስር ዓመት የከፈለ ሰው፣ የቀረው የትምህርት ዕዳው ይሰረዝለታል። እኔም ጄኔቭ ቢሮ ባለው በአንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ተቀጠርኩ። ሥራዬ በየአገሩ ስለሚቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች የሚጻፉ ሪፖርቶችን ማረም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ደመወዛቸው እጥፍ ነው፤ ሕጉ ግን እነሱን አይቆጥርም፤ አሠሪው የአሜሪካ መሆን አለበት። ስለዚህ ምሳዬን ከቤት ቋጥሬ እየሄድኩ አስሩን ዓመት መጠበቅ ጀመርኩ።

ዙሪክ ያሉት ያገሬ ሰዎች ይህን አያውቁም። “ጄኔቭ ነው የሚሠራው” መባሉ ለነሱ በቂ ነበር። ለበዓል እዚያ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መዋጮ በተነሳ ቁጥር ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እኔም ፈገግ ብዬ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ወሩን በዳቦና በሰርዲን እገፋዋለሁ። እሷን ያገኘኋት ከነዚህ በዓላት በአንዱ ነው። ሳህን ልታነሳ መጥታ ጎንበስ አለችና “አይስጡ፣ ባለፈውም ለዚሁ ነው የተዋጣው” አለችኝ። አንቱ ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ተይዛ የታሰረች፣ ስትፈታ ከአገር የወጣች ልጅ ነበረች። ልጅ እላለሁ እንጂ ሰላሳን እያለፈች ነበር። ዙሪክ አጠገብ ኡስተር ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ አሮጊቶቹን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ከነሱ የተማረችውን የስዊስ ጀርመንኛ ስድብ ደግሞ ለኔ ታስተምረኛለች። የመኖሪያ ፈቃዷ ኤፍ የሚሉት ጊዜያዊ ፈቃድ ስለሆነ እንደ ልቧ ካንቶን፣ ማለትም ክፍለ ሀገር፣ መቀየር አትችልም። እሷን ፈቃዷ ዙሪክ ላይ፣ እኔን ዕዳዬ ጄኔቭ ላይ አስሮናል። ባቡር መሳፈር ግን ማንም አልከለከለንምና በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ መሐል መንገድ ላይ፣ በርን ከተማ እንገናኝ ነበር። ሙቀት ከሆነ ወንዙ ዳር እንሄዳለን፤ ብርድ ከሆነ የአንድ ገበያ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ባለው ርካሽ ምግብ ቤት እንቀመጣለን። የባቡር ቅናሽ ካርዱን እሷ ሃልብታክስ ትለዋለች፣ እኔ ደሚ ታሪፍ እለዋለሁ፤ በዚህም እንኳ እንሳሳቅ ነበር።

እወዳት ነበር። ይህን ለመጻፍ ብዙ መዞር አያስፈልገኝም። ከበርን ስመለስ የባቡሩ ሰው ሁሉ ደግ ይመስለኛል፤ ሰኞ ግን ያው ሰኞ ነው።

ስለ ዕዳው የነገርኳት ወንዙ ዳር ተቀምጠን ነው። ነገሩን ከነሕጉ ዘርዝሬ አስረዳኋት። ድንጋይ እያነሳች ወደ ውሃው ስትወረውር ቆየችና ጠየቀችኝ።

“በጎ ሥራ ስለሠራህ ይምሩሃል?”

“አዎ።”

“ሌላ ነገር አይፈልጉም?”

“ዓመቱ እስኪሞላ በየወሩ መክፈል ብቻ ነው። ሲያልቅ ሽማግሌ እልካለሁ። ዕዳ ይዤ ግን አልልክም።”

“እሺ” አለች።

ሽማግሌው የሚላከው ዙሪክ ወዳሉ አንድ አዛውንት ነበር። አባቷን በወጣትነታቸው የሚያውቁ፣ ጡረታ የወጡ፣ እሷም ጋሼ እያለች እንደ አባት የምታያቸው ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቼ ፊታቸው ሲቆሙ “ልጁ ምን አለው?” ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። “ዕዳ አለው” የሚለውን መልስ ማን ደፍሮ ይናገራል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ኩራት ነው። በኩራት የሞላች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን እቀመጥ ነበር።

እሷም ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነገሩ አላነሳችም። “መቼ ነው የሚያልቀው?” ብላ አልጠየቀችኝም። ትዕግሥቷ ይገርመኝ ነበር፤ እንደዚህ ዓይነት ሴት በመብራት ተፈልጋ አትገኝም እያልኩ ብቻዬን እመጻደቃለሁ። ታግሣ መስሎኝ ነበር።

ዓመታት እንዲሁ ሄዱ። ሕንፃችን ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ተራዬ እሁድ ማለዳ ነበር፤ ምድር ቤት ወርጄ ልብሴ ሲሽከረከር አያለሁ። እናቴ ስትደውል “ማን አለ አጠገብህ?” ትለኛለች። “ጓደኞቼ ናቸው” ብዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደርገዋለሁ። የፈረንሳይኛ ክርክር እየሰማች “በደስታ ያኑርህ” ብላ ትመርቀኛለች።

አባቴ የሞተ ጊዜ አለቃዬ፣ አሜሪካዊት ናት፣ ፈቃድ ሰጥታ አገሬ ላከችኝ። ስመለስ የቢሮውን ሰዎች አስከትላ ቤቴ መጣች። ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ የሆነ ቦታ አንብባ ኖሮ ዳቦ ይዛለች፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። መቀመጫ ስላልበቃ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ዝም ብለው ተቀመጡ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለአባቴ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እቺው አለቃዬ ለሁላችንም አዲስ የሥራ ውል አመጣች። ቢሮው ለአስተዳደር እንዲመች በስዊስ ሕግ ራሱን የቻለ ማኅበር ሆኖ እየተመዘገበ ነው። “ያው ጠረጴዛ፣ ያው ደመወዝ፣ ያው ሥራ ነው” አለችን። አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ‘ታዲያ አሠሪዬ ከእንግዲህ የአሜሪካ ነው የስዊስ?’ ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ግን አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ያጽናናችኝን ሴት ያልታመነች ማስመሰል ነውር መስሎ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሌሎቹ ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ። አንዱ ፈረንሳዊ ባልደረባዬ ግን ውሉን ቤቱ ወስዶ ሲመረምር ከርሞ ነው የመለሰው፤ ማንም አልተቀየመውም።

ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ የሠራሁበትን ዘመን እንዲያረጋግጡልኝ ወደ አሜሪካ ጻፍኩ። አዲሱን ውል ከፈረምኩበት ቀን ወዲህ ያለው በሙሉ አይቆጠርም አሉኝ፤ አሠሪዬ የውጭ አገር ማኅበር ነውና። ያው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ተናደድኩ፤ ደግሞ የምናደድበት ሰው አጣሁ። አለቃዬ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ተሟግታ ወደ አሜሪካው ደመወዝ መዝገብ አስመለሰችኝ። ያለፈውን ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልነግራት በርን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አነጋገሬን ስለማመድ ነበር። ‘ትንሽ ይራዘማል’ ልበል? ‘ሦስት ዓመት’ ብዬ ልቁረጠው? ብርድ ስለነበር ምግብ ቤቱ ወጣን። ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው የተቀመጠችው። ምንም ሳላሳምር ነገርኳት፤ ውሉን፣ ይሉኝታውን፣ ከአሜሪካ የመጣውን መልስ። ስጨርስ ፊቷ ላይ ንዴት ወይም ኀዘን ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አዲስ ሰው እንዳየች ሁሉ አፍጥጣ ታየኛለች።

“እውነት ነበር እንዴ?” አለችኝ።

“ምኑ?”

“ዕዳው። ምሕረቱ።”

ሻዩን እያማሰለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ነገረችኝ። ወንዙ ዳር የነገርኳትን ያን ጊዜውኑ ለጋሼ ነግራቸው ኖሯል። እሳቸውም ስቀው “ልጄ፣ በጎ ሥራ ሠርተሃል ብሎ ዕዳ የሚምር መንግሥት የት አገር አየሽ? ይህ ሰው አሜሪካ ሚስት አለችው። በየወሩ የሚልከውም ለልጆቹ ነው” ብለዋታል። እሷ ሙሉ በሙሉ አላመነቻቸውም፤ እኔንም ሙሉ በሙሉ አላመነችኝም። ላለማግባት ሰበብ የሚፈልግ ወንድ የሚያመጣውን ሁሉ ያመጣሁ መስሏታል። ሰበቤ ግን ረቂቅ ስለሆነ፣ ላለማሳፈር ብላ እሺ ስትለኝ ኖራለች።

“ለምን አልጠየቅሽኝም?” አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጎናችን ያሉት አሮጊት ዞር አሉ።

“ምን ብዬ? ዋሽተሃል ወይ ብዬ? ወይስ ሽማግሌ ላክ ልበልህ?” ዓይኗ እንባ ሞላ። “ዕዳውን ይዘህ ብትመጣስ ምን ነበረበት? እኔስ ምን ይዤ ነው እዚህ የመጣሁት?”

ቀጥሎ ልትነግረኝ የመጣችውን ነገረችኝ። ኡስተር የሚኖር ሰው ነው። አውቶቡስ ይነዳል። ከተዋወቁ ዓመት አልሞላቸውም፣ የላካቸው ሽማግሌዎች ግን ጋሼ ቤት ደርሰው ተመልሰዋል። እሷም ቃሏን ሰጥታለች። “ጥሩ ሰው ነው” አለች፤ እኔም “ይሁን” አልኩ። ተነስቼ ሳህኖቹን መመለሻው ላይ አስቀመጥኩ።

ጣቢያው ድረስ አብረን ሄድን። የሷ ባቡር ቀድሞ ነበር የሚነሳው። መስታወቱ ሥር ቆሜ ሳለሁ የሆነ ነገር አለችኝ፤ አልሰማኋትም፤ እንደሰማ ሰው ግን ራሴን ነቀነቅኩ። ባቡሯ ከሄደ በኋላ መድረኩ ላይ ብዙ ቆየሁ። የኔም ባቡር መጥቶ ሄደ። እንደዚያ ዓይነት ብቸኝነት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላውቅም፤ ጄኔቭ ያለው ለምጄው የነበረ ነው።

የቀረውን ዘመን ሠራሁ። ሪፖርት አረምኩ፣ በየወሩ ከፈልኩ፣ እሁድ ማለዳ ልብሴን አጠብኩ። ዙሪክ ለበዓል መሄድ ተውኩ። ማግባቷንና መውለዷን ከሰው ሰማሁ። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ዕዳዬ በሙሉ መሰረዙን የሚገልጽ መልእክት ደረሰኝ። ሕጉ እውነት ነበር፤ እንዳሉትም አደረጉ። አለቃዬ ኬክ አስመጣች። ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ፣ አሁን ምን ልታደርግ ነው አሉኝ። ኬኩን በላሁ። ለእናቴ እንዳልነግራት ዕዳ እንደነበረብኝም አታውቅም። መንገር የፈለግሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከቢሮው ኋላ ያለው መናፈሻ ወርጄ ደወልኩላት። ስልኳን አልቀየረችም።

“ዕዳው ተሰረዘ” አልኳት። “ሌላ ነገር ፈልጌ አይደለም። እውነት መሆኑን እንድታውቂው ብዬ ነው።”

ከበስተጀርባዋ ልጇ በጀርመንኛ ይለፈልፋል።

“እንኳን ደስ አለህ” አለችኝ። ቀጥላም፣ “እኔኮ ያን ቀን በርን ላይ አምኜሃለሁ። እስከ ዛሬ ያስቸገረኝም እሱ ነው። ውሸታም ብትሆንልኝ ይቀለኝ ነበር” አለች።

ልጁ ጠራት። “መጣሁ” አለችው በአማርኛ፤ ለኔም ደህና ሁን ብላኝ ዘጋችው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስልኩን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፈለግሁበት ከተማ፣ ለፈለግሁት አሠሪ መሥራት እችላለሁ። ዙሪክም ቢሆን።