በታክሲ ውስጥ የደረቀ ዘቢብ

ልጄን ገና ጡት ሳትጥል ይዤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ባለቤቴ ናይሮቢ ቀረ። የእሱ ቪዛ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ለእመቤታችን ተሳልኩ። በሰላም ካመጣሽልኝ የአንድ ፍልሰታ ዘቢብ እኔ አስገባለሁ አልኩ።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በረዶ በሚጥልበት ወር መጣ። ተመስገን። ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። የቀረው ስለቴን ማድረስ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ ከወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ የኪራይ አዳራሽ ነበር። የቅዳሴውን ወይን ዲያቆኑ ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ ያዘጋጃል። ለአስተዳዳሪያችን ለአባ ከኢየሩሳሌም የመጣላቸው ዘቢብ ነበር፤ እሱም ሰኔ ላይ አለቀ። እኔም ደስ እያለኝ ከሱፐርማርኬት ብዙ ፓኬት ገዝቼ ሄድኩ።

አባ አንዷን ፍሬ በጣታቸው አሸት አሸት አደረጓት።

«ልጄ፣ ይህ ያብለጨልጫል።»

ዲያቆኑ ፓኬቱን ገልብጦ አነበበ። «ዘይት አለበት፣ አባ። የሱፍ ዘይት።»

«እንዳይጣበቅ ብለው ይሆናላ» አልኩ።

«ለገበያው ደግ አደረጉ» አሉ አባ። «ለመሥዋዕቱ ግን ከወይንና ከውሃ በቀር አይገባም።»

አልተቆጡኝም። መስቀል ተሳልሜ ፓኬቶቹን ይዤ ወጣሁ። ሌሎች መደብሮችም ዞርኩ። አንዱ ዘይት አለበት፣ ሌላው ቀለሙ እንዳይጠቁር መድኃኒት ነክቶታል። ፍልሰታ ደግሞ እየቀረበ ነው።

ወይን ገዝቼ ራሴ ላደርቅ ተነሣሁ። በረንዳ ላይ አሰጣሁት። የሜሪላንድ ሐምሌ ግን ፀሐዩ ላብ ነው፤ ልብስ እንኳ በወጉ አያደርቅም። ወይኑ ሻገተ። ጣልኩት።

በዚያው ሰሞን ልጄ ከላይብረሪ አንድ መጽሐፍ አምጥታ ነበር፤ በድሮ ዘመን ስለነበሩ የአውሮፓ መነኮሳት። ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ታነባለች።

«ማሚ፣ ወይን የሚተክሉት እኮ መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው። ይጠምቁታልም።»

«መነኩሴ ጠማቂ!» አለ ባለቤቴ። «እኛ አገር ቢሆን ገዳሙ መቆሚያ አይገኝበትም ነበር።»

«ኖ፣ ዳዲ! ለቅዳሴ ነው። ወይን ከሌለ ቅዳሴ የለም። ስለዚህ የሄዱበት ሁሉ ይተክላሉ።»

ሰሃን ማጠቤን ተውኩ። «ብርድ አገር አይደለም እንዴ? እንዴት ይበስልላቸዋል?»

ገጹን ወደኋላ መለሰች። ጫካውን መንጥረው ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኘውን ተዳፋት ይመርጣሉ። ዙሪያውን በድንጋይ ያጥሩታል። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለወይኑ ይመልሳል። የትኛው መሬት ምን ዓይነት ወይን እንደሚሰጥ አንዱ መነኩሴ ለሌላው እያስተላለፈ፣ ስንት መቶ ዓመት ጠበቁት። እምነታቸው ከእኛ ይለያል። ጭንቀታቸው ግን የእኔው ነበር።

ሙቀት የሚይዝ ቦታ እያልኩ አደርኩ። በማግስቱ ቀትር ላይ ከታክሲው ዕቃ ላወጣ በሩን ስከፍት ወላፈኑ ፊቴን መታኝ። እዚያው ቆሜ አማተብኩ። ከዚያ ሮጬ ባለቤቴን ቀሰቀስኩትና ወይኑን የት እንደማደርቅ ነገርኩት።

«ታክሲዬን?» አለ ከትራሱ ቀና ሳይል።

«ቀን ቀን ብቻ።»

«ሴትዮ፣ እኔ እንጀራ የምበላበት መኪና ነው።»

«ስለቱ ለማን ሆነና?»

ከዚያ ቁልፉን ከኮመዲኖው ላይ አነሣና ሰጠኝ። «ማስመጣቱንስ አስመጣሽኝ፤ ምን ይደረጋል» አለ።

አስፐን ሂል ካለ የአትክልት መደብር ጥቁር ወይን ገዛሁ። አጥቤ፣ ነጭ ጨርቅ ባነጠፍኩበት ትሪ ላይ ዘርግቼ ከኋላው መስኮት ሥርና ወንበሩ ላይ ደረደርኩት። የበሮቹን መስታወት በትንሹ ዝቅ አደረግሁ። መጀመሪያ ግን ከሾፌሩ ፊት ካለው የኋላ ማሳያ መስታወት ላይ የተንጠለጠለውን መዓዛ ያለው ካርቶን አወረድኩ።

«ደንበኞቼ ምን ይሉኛል?»

«ወይን ይሸታል ይበሉ።»

እንዳልኩትም ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት እየሳቀ ገባ። ማታ አንዱን ትሪ ረስቶት ኖሯል። ከክሪስታል ሲቲ የተሳፈረ ሰውዬ አየሩን አሽትቶ፣ ጠጥተሃል እንዴ አለው። ትሪውን አሳየው። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ጥቂት ፍሬ በላ።

«የስለት ዘቢብ ለምን ሰጠኸው?»

«መነኮሳቱም እንግዳ ያስተናግዱ ነበር አሉ። ልጅሽን ጠይቂያት።»

እሷና አባቷ ከዚያ በፊት የሚተዋወቁት በስልክ ነበር። ከመጣም በኋላ እንደ እንግዳ ያያዩ ነበር። በዚያ ሐምሌ ግን እሱ ሥራ ከመውጣቱ በፊት አብረው ወርደው ዘቢቡን ያገላብጣሉ። እኔ ከመስኮት አያቸዋለሁ። የሚያወሩት አይሰማኝም። ያወሩ ነበር።

የነሐሴ መግቢያ ዋዜማ ላይ የደረቀውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ አሌክሳንድሪያ ወሰድኩት። አባ አንዷን አሹ። አሸተቱ።

«የት ደረቀ?»

«ታክሲ ውስጥ፣ አባ።»

ቀና ብለው ባለቤቴን አዩት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«የእግዚአብሔር ፀሐይ ነው» አሉና ቋጠሮውን ለዲያቆኑ ሰጡት። «ቤተልሔም አስገባው፤ ለመሥዋዕቱ ይዘጋጅ። በል እግዜር ይስጥልን በላቸው።»

በማግስቱ በቅዳሴው ሕፃናቱ ቀድመው ቆረቡ። ልጄ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተመለሰች። ጠበሉን እስክትጠጣ ቃል አልተነፈሰችም። ጠጥታ እንደጨረሰች አባቷን እጅጌውን ሳበችው።

«ዳዲ፣ ታክሲ ታክሲ አይልም!»

ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፣ አልቻለም። ከፊታችን የቆሙት ባልቴት ዞረው ገላመጡት። እኔም ልቆጣ ብዬ ዞርኩና፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው፣ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት።